አንድ ቅል ውኃ

አጎቴ አይሱዙውን «መኪና» ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። «ቤት» ነው የሚለው። «ቤቱን ጥረገው»፣ «ቤቱ ዛሬ ሞቋል፣ ጥላ እንፈልግለት»፣ «ገበያ ደርሼ እስክመጣ ከቤት እንዳትርቅ»። ታኅሣሥ 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ወደ መተከል ስንወርድ እኔ ተመርቄ ሥራ ያጣሁ ልጅ ነበርኩ። ረዳቱ ታሞበት «እስኪ አንተ ና» አለኝ፤ ሄድኩ። ለሁለት ሳምንት የተባለው መንገድ ሠላሳ ዘጠኝ ሌሊት ሆነ። ገናንም ጥምቀትንም እዚያው ቤት ውስጥ ዋልን። ከየገበያው ለውዝ በኩንታል፣ አንዳንዴም በግማሽ ኩንታል እየለቀምን ጭነቱ እስኪሞላ መጠበቅ ነበር ሥራችን። አጎቴን የምጠራው ጋሼ ብዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ከትርፉ ላይ የአልጋ ኪራይ እንዲቀነስ አይፈልግም።

ቤቱ እንዲህ ነበር። ከሹፌሩ መቀመጫ ኋላ አንድ ሰው ጎኑን ብቻ የሚያሳርፍበት ጠባብ ጣውላ አለ፤ የጋሼ መኝታ ነው። እኔ ከኋላ፣ ጆንያዎቹ ላይ፣ ሸራው ሥር እተኛለሁ። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር አልጋዬ ከፍ ይላል፣ ሸራው ወደ ፊቴ ይቀርባል። ስንት ኩንታል እንደገዛን ሌሊት ተጋድሜ በእጄ ሸራውን በመንካት ብቻ መገመት እችል ነበር። ወጥ ቤታችን ከካሮሴሪው ሥር በግራ በኩል የተበየደ የብረት ሳጥን ነው፦ ቡታጋዝ፣ አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ጨው፣ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለች ጀበና። ከጋቢናው ጀርባ ባለ 20 ሊትር ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታስረዋል። ጋሼ ሌላውን ሁሉ ለእኔ ትቶ እነዚያን ጀሪካኖች ግን ጠዋት ጠዋት ራሱ በጣቱ ጫፍ መታ መታ ያደርጋቸዋል። ሙሉ መሆናቸውን ከድምፃቸው ነው የሚያውቀው።

አሪዞና የምትኖር እኅቴ ይህን ስነግራት «እዚህ እኮ ሰው ይህን ኑሮ በገንዘቡ ይገዛዋል» አለችኝ። ጡረታ የወጡ ሰዎች መኝታና ምድጃ ያለው ትልቅ መኪና ገዝተው፣ ከሰሜኑ በረዶ ሸሽተው፣ ቀዝቃዛዎቹን ወራት በረሃ ላይ ያሳልፋሉ። ኳርትዝሳይት የምትባል ጥቂት ሺህ ነዋሪ ያላት ከተማ በእኛ ጥርና የካቲት በእነዚህ ቤት ለበስ መኪኖች ትጥለቀለቃለች። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ደስ ይላል። እኔ ግን ጎማ ላይ የሚኖር ሰው ሲባል የሚመጡብኝ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ናቸው። በሚሌና በሰመራ አልፈው ጋላፊ ላይ ተራ እስኪደርሳቸው፣ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ በጎማ ጥላ ሽሮ እያንተከተኩ ቀን የሚቆጥሩት። ልጆቻቸው የሚያድጉት በስልክ ነው። ስለእነሱ ኑሮ በቂ ተጽፏል ብዬ አላምንም።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። የወረድንበት ወር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ክረምት ነበር፤ ለእኛ በጋ። መጀመሪያውን ሌሊት እንጅባራ አደርን። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት የፊት መስታወቱ ላይ የተጋገረውን አመዳይ በመታወቂያዬ ጠርዝ ፍቄ ነው ያነሣሁት፤ ጣቶቼ ደንዝዘው መታወቂያው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ከዚያ ወደ ቻግኒ ቁልቁለቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ቻግኒ ስንደርስ በካኔተራ ነበርኩ። እዚያ መንገዱ ይከፈላል። በቀኝ በኩል ወደ ግልገል በለስና ጉባ የሚያመራው ለሕዳሴው ግድብ ሲሚንቶና ብረት በጫኑ ተሳቢዎች ተጨናንቆ ነበር። የግድቡ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የእኛ መንገድ ወደ ግራ ነው፤ ወደ ድባጤና ቡለን፤ ጠጠርና አቧራ።

«በረሃ ወረደ» ይባላል እኛ አገር፣ ሰው ወደዚያ ሲሄድ። ቃሉ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ወባ አለ፤ ወርዶ የቀረ የጎረቤት ልጅ አለ። እኔም ባዶ ሜዳ፣ አሸዋና እሾህ እየጠበቅሁ ነው የወረድኩት። ያገኘሁት በክረምት ዝናብ የሚጠግብ፣ የቀርከሃ ጫካ ያለው፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ማንጎው ከጎጆው ቀድሞ የሚታይ አገር ነው። በድባጤ የገበያ ቀን ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ አቧራ ላይ ይገበያያል። ለውዝ የምንረከብበት ሱቅ ባለቤት ሺናሻ ናቸው። አንዱን ደንበኛ በአንዱ ቋንቋ አሰናብተው ሌላውን በሌላ ሲቀበሉ ምላሳቸው አይደናቀፍም። የራሳቸው ቋንቋ ከከፋው ጋር ዝምድና እንዳለው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓባይን ከነደረቱ ተሻግሮ፣ ያንን ሁሉ አገር ዘሎ፣ ከከፋ ጋር! ልጃቸው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። አሶሳ የራሳቸው ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ዓባይ ግን መሐል ላይ ነው፤ ልጁ ወደ ጎጃም ተመልሶ፣ በቡሬ ዓባይን ተሻግሮ፣ በነቀምትና በጊምቢ ዞሮ ነበር የሚደርሰው። «ልጄ ክልሉ ውስጥ ሄዶ ለመማር ከክልሉ መውጣት አለበት» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ድካም ነበር።

ቤት ውስጥ ኑሮው ቀላል አልነበረም። ከፍኖተ ሰላም ይዘነው የወረድነው እንጀራ በሁለተኛው ቀን እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ጀመር። ጋሼ ይህን ስለሚያውቅ የቀረውን ሸራ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ አደረገው፤ ገናን የፈታነው በድርቆሽ ፍርፍርና በአንድ ዶሮ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወባ ያዘኝ። ጋሼ አጎበር ገዝቶልኝ ነበር፤ ሸራው ሥር ያፍናል ብዬ አጣጥፌ ራስጌዬ አድርጌው ነበር የምተኛ። ጤና ጣቢያ ጣቴን ወግተው ደሜን አዩና ኳርተም ሰጡኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ አራት አራት ፍሬ፣ ለሦስት ቀን። ነርሷ «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ዋጠው፤ በባዶ ሆድ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደምህ አይገባም» አለችኝ። ጋሼ ወተት ፍለጋ በየሰዉ ቤት ሲዞር ሰነበተ። ሌሊት ስንቀጠቀጥ ከጣውላው ወርዶ እግሬ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ አንድም ቀን ስለ አጎበሩ አላነሣብኝም። በአራተኛው ቀን ከካሮሴሪው ብረት ላይ ራሱ ሰቀለው።

እንግዲህ ወደ ውኃው ልምጣ።

ጥር 6 ቀን ጠዋት ነው። ገና ከሕመሙ አልጠነከርኩም። ከአንድ ቀን በፊት የላብና የትኩሳት ልብሴን ሁሉ ዘፍዝፌ አጥቤ ነበር፤ ሁለቱንም ጀሪካን ጨርሼ። ጋሼ ማለዳ ጭነት ሊያይ ሲወጣ «ጀሪካኖቹን ሙላ፣ ገጠር ገበያ እንወጣለን» ብሎኝ ሄደ። ቦኖው ጋ ስደርስ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጀሪካኑ ሁሉ ተደርድሯል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ሳልቀዳ ተመለስኩ። ጋሼ መጥቶ «ሞላህ?» ሲለኝ «ሞልቻለሁ» አልኩት። ዋሸሁ። በዚያን ቀን ብቻ፣ ስለቸኮለ፣ በጣቱ አልመታቸውም።

ከድባጤ ወጥተን አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አንድ ነገር ከፊት ጠረቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀይ ተመነጠቀ። ጋሼ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ቺንጋው ተበጥሶ ነበር። እሱ ሲበጠስ ውኃውን የሚገፋው ፖምፓ ይቆማል፣ ሞተሩ ራሱን ያቃጥላል። ራዲያተሩ ጥቂት ተንፈቅፍቆ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ተፋው። ጋሼ አልተሸበረም፤ መለዋወጫ ቺንጋ ከመቀመጫው ሥር አለው። መፍቻውን ይዞ ገባበት፤ ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደበት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሞተሩ ይብረድ፤ ትኩስ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ካፈሰስክ ብረቱ ይሰነጠቃል። እስከዚያ ጀሪካኑን አውርድ» አለኝ።

አወረድኩት። ባዶ ጀሪካን ሲወርድ ድምፁ ይታወቃል። ጋሼ ዞሮ አየኝና በረጅሙ ተነፈሰ እንጂ አልተናገረኝም።

በዚያ መንገድ ወደ ገበያው የሚሄደው መኪና ሁሉ ማለዳ አልፏል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ሳሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ነፋስ ሲመጣ ይንሿሿል። የምንጠጣው እንኳ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ፣ እሱም ግማሽ። ጋሼ ለእኔ ሰጠኝ፤ አልጠጣም ብል «ታማሚ ነህ» ብሎ አስጎነጨኝ። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ከሳሩ መሐል ሁለት ሴቶች ብቅ አሉ።

የጉሙዝ ሴቶች ሸክም የሚሸከሙት በጀርባ አይደለም። ረጅም ዘንግ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክሙን አንጠልጥለው፣ ሚዛን ሆነው ነው የሚሄዱት። ከፊት ያለችው በዘንጓ ሁለት ጫፍ ሁለት ትልልቅ ቅል ሰቅላለች፤ የቅሉ አፍ በለምለም ቅጠል ተወትፏል፣ ውኃው እንዳይረጭ። ቆመች። የተከፈተውን ሞተር አየች፣ ባዶውን ጀሪካን አየች፣ እኔን አየችኝ። ጋሼ በእጁ ራዲያተሩን አሳያት። አንዲት ቃል ለጓደኛዋ ተናገረች። ዝቅ ብላ ዘንጉን ከትከሻዋ አወረደች፤ አንዱን ቅል ፈትታ ቅጠሉን ነቀለችና ለጋሼ ዘረጋችለት።

ጋሼ ራዲያተሩን በጨርቅ ይዞ ከፈተው፤ በርዶለታል። ሞተሩን አስነሣና እንዲሁ እየሠራ ሳለ ውኃውን ቀስ እያደረገ አንቆረቆረው። ቅሉ ውስጥ ጠብታ አልቀረም። መልሶ ሲሰጣት ከኪሱ ሃምሳ ብር አውጥቶ ጨመረበት። ብሩን አየችው፣ አልተቀበለችውም። ባዶውን ቅል በዘንጉ ጫፍ መልሳ አሰረች። አሁን አንዱ ጫፍ ከባድ፣ አንዱ ጫፍ ባዶ ነው። ዘንጉን ትከሻዋ ላይ ካደረገች በኋላ ሳብ ሳብ አደረገችው፤ ሙሉው ቅል ከትከሻዋ ጥግ እስኪደርስ፣ ባዶው ቅል ከኋላዋ ርቆ እስኪወዛወዝ ድረስ። ሚዛኑ ገጠመላት። ሄደች። ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እንደያዘ ሳሩ እስኪሰውራት ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ይህን ብቻ አለኝ፦

«ልብስህን ያጠብከው በዚህች ሴት ውኃ ነው።»

ማታ ለባለሱቁ ነገርናቸው። ቦታውን ስንገልጽላቸው ወዲያው መንደሩን አወቁት። በጋ ሲሆን እዚያ ያለው ጅረት ይደርቃል፤ ሴቶቹ አሸዋውን በእጃቸው ጭረው፣ ጠብ ጠብ የሚለውን እያጠራቀሙ ነው የሚቀዱት። «ደርሶ መልስ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው» አሉን። ጋሼ ምሳውንም ራቱንም በቅጡ አልበላም። «ጥር 8 ሥራ የለንም፤ ውኃዋን እንመልሳለን» አለ። ለአንድ ቅል ውኃ ናፍጣ አቃጥሎ መመለስ ለነጋዴ ኪሳራ ነው፤ እሱ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከሂሳብ ጋር ቀላቅሎ አያውቅም። ጥር 8 ቦኖው ሰልፍ ላይ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ቆምኩ።

ባለሱቁ አንድ ልጅ ጨመሩልን፣ ቋንቋ የሚያውቅ። ጋሼ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እዚያው ቀረ፤ እኔና ልጁ አንዳንድ ጀሪካን ተሸክመን በእግር መንገዱ ገባን። ሃያ ሊትር ትከሻ ላይ ሲሆን መንገድ ይረዝማል። የመንደሩ ልጆች ቀድመው አገኙን። ዘንግ አምጥተው ሁለቱን ጀሪካን በሁለቱ ጫፍ አሰሩልኝና ትከሻዬ ላይ አደረጉት። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ዘንጉ እንደ ሚዛን ተንገዋለለ፤ አስተካክለው መለሱልኝ። እርምጃን ከዘንጉ መተጣጠፍ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። እሷ ይህን የምታደርገው በባዶ እግሯ፣ በየቀኑ ነው።

ሴትዮዋ አልነበረችም፤ ውኃ ሄዳለች አሉን። አማቷ ናቸው የተቀበሉን፤ ከቀርከሃ በተሠራ ቤት ጥላ ሥር። ልጁ የመጣንበትን ሲያስረዳቸው ጀሪካኖቹን፣ ከዚያ እኔን አዩ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልን። ከበሽታዬ ወዲህ ምግብ የጣፈጠኝ ያኔ ነው። ገንፎውን ሳንጨርስ ግን ከመንገዱ በኩል ጭስ ተነሣ።

በበጋ ያ አገር ይቃጠላል። እኛ ደገኞች እንደ ጥፋት ብቻ ነው የምናየው፤ ያ ልጅ ግን እንዳስረዳኝ፣ ሳሩ ገና እርጥብ ሳለ ቀድሞ የተቃጠለ ቦታ ኋላ የሚመጣውን ኃይለኛ እሳት ያስቆመዋል፣ ለከብትም አዲስ ሳር ያበቅላል። ያን ዕለት የመጣው ያ ኃይለኛው ነበር። ነፋስ ይዞታል። መኪናው ደግሞ በደረቅ ሳር መሐል፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ናፍጣ ይዞ ቆሟል። ሮጥኩ። ወጣቶቹ አልፈውኝ ሄዱ፤ እያንዳንዱ በመንገዱ ላይ ቅጠላም ቅርንጫፍ እየገነጠለ። ስደርስ ጋሼ በጋቢው ሳሩን ይመታል፣ ፊቱ ጠቁሯል። ልጆቹ ወደሚመጣው እሳት አልሄዱም። በመኪናው ዙሪያ ያለውን ሳር ራሳቸው ለኮሱት፤ ነበልባሉን በቅጠሉ እየመቱ ወደ ውጭ ብቻ እንዲሄድ እየነዱት። ጥቂት ቆይቶ መኪናችን በጥቁር መሬት መሐል ቆሞ ነበር። ትልቁ እሳት መጥቶ ያ ጥቁር ጠርዝ ጋ ሲደርስ የሚበላው አጣና ለሁለት ተከፍሎ አለፈን። ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ሸራው ላይ የወደቀ ፍም አንድ የጡጫ ያህል ቀዳዳ በስቶ ሄደ፤ በዚያ ቀዳዳ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ኮከብ እያየሁ ነው የተኛሁት።

ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያ መኪና የአሥራ አንድ ዓመት ድካሙ ነው። ውኃ ልንመልስ ሄደን ቤታችንን አትርፈውልን ተመለስን። አንዱን ጀሪካን እዚያው ተወላቸው፤ ሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም።

ያ መንገድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ታኅሣሥ 2013 ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ፤ ድባጤም ደም ሲፈስባት ከረመች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቻግኒ ራንች ላይ በፕላስቲክ ድንኳን ሰፈረ፤ ጉሙዞችም መንደራቸውን ጥለው ጫካ ገቡ። ያን ጊዜ ሬዲዮኑ «ድባጤ» ባለ ቁጥር ጋሼ ድምፁን ይጨምርና ዝም ብሎ ያዳምጣል። ባለሱቁን ደጋግመን ደወልን፤ ስልካቸው አይሠራም። የዚያች ሴት ስም እንኳ የለንም።

ጥር 21 ጠዋት ነው ከድባጤ የወጣነው። ጋሼ ጥር 23 እንጅባራ መድረስ ፈልጓል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያ ቀን በዓሉን ያከብራል፣ አባቱም በሕይወት ሳሉ ፈረሰኛ ነበሩ። ጭነቱ ሞልቷል፣ ሸራው አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ያን የተቃጠለ ሜዳ ስናልፍ ከአመዱ ሥር አረንጓዴ ሳር ጫፍ ጫፉን አውጥቷል። ጋሼ ድንገት ማርሹን ቀነሰ። ከመንገዱ ዳር፣ በጥቁሩ መሬት ላይ፣ እሷ ትሄዳለች። በዘንጓ አንድ ጫፍ ቅሉ ተንጠልጥሏል፣ አፉ በቅጠል ተወትፎ፤ በሌላው ጫፍ የእኛው ቢጫ ጀሪካን። ጀሪካኑ ስለሚከብድ ወደ ትከሻዋ አስጠግታዋለች፣ ቅሉ ወደ ኋላ ርቆ ይወዛወዛል። ጋሼ ጡሩምባ ሊነካ እጁን አነሣና መልሶ መሪው ላይ አደረገው። ሚዛኗን እንዳያስታት ብሎ፣ አቧራውም እንዳይደርስባት፣ አልፋን እስክትሄድ ድረስ ቆመን ጠበቅናት።